ለሰው የማይሰጥ ክኒን

ቸር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የራሱን ይሰጣል፣ ሌላው እጁ የገባውን ሁሉ ይሰጣል። አያ እንዳለው ከሁለተኛው ወገን ነበሩ። ከጎንደር ወጥተው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከበራቸው ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የለም። መጥረቢያ የለመነ መጥረቢያ፣ ሽንኩርት የለመነ ሽንኩርት፣ አህያ የለመነ አህያ ይዞ ሄዷል። አህያይቱማ ከመልመዷ ብዛት እንግዳ ሲመጣ ሳትጠራ ወደ በሩ ትሄዳለች እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ቀልዱን ያውቁታል፣ ይኮሩበታልም፤ ኩራታቸውም ያለ ቦታው አልነበረም። ዓይኑን ያልገለጠ ቸርነት ግን ሰጪውንም ተቀባዩንም እንደሚጎዳ የተማሩት ባለፈው ዓመት፣ በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ነው። ያስተማረቻቸውም አፏ የሾለ አንዲት ልጅ ናት።

በዚያን ጊዜ ባሱንዳ አጠገብ የአንድ የሰሊጥ እርሻ ወኪል ነበሩ። ወኪል ማለት ሠራተኛ ሰብሳቢ ነው፣ ተቆጣጣሪ ነው፣ ሰው ሲታመም ደግሞ አስታማሚ ነው። አጨዳው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጉዕሽ የሚባል አጫጅ በትኩሳት ወደቀ። ጉዕሽ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ በድንበሩ መቀበያ በመንደር 8 በኩል ገብቶ ካምፕ የተቀመጠ የትግራይ ሰው ነው። በአካባቢው ዘመድ ስለሌለው አያ እንዳለውን «አቦይ»፣ አባቴ ይላቸዋል። አቦይ የተባለ ሰው ደግሞ ቆሞ አያይም። አራት ቀን በእርሻው ላይ ካስታመሙት በኋላ በመኪና ጭነው ገዳሪፍ አመጡት፣ ገበያው ዳር ካገኟት የመጀመሪያዋ ላብራቶሪም ደግፈው አስገቡት።

ጥግ ላይ ደም የሚቀባበትን መስታወት የምታጥበው ልጅ ቀና ስትል የድሮ ጎረቤታቸው የቱርካ ልጅ ዳሊያ ሆና ተገኘች። ዳሊያ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ፣ በዓረብኛ ተምራ፣ በአማርኛ የምትከራከር ልጅ ናት። የሱዳኑ ጦርነት ትምህርት ቤቷን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲዘጋባት የላብራቶሪው ባለቤት ታምሬ መስታወት እንድታጥብና የታማሚ ስም እንድትጽፍ ቀጠራት። ከምታጥበው ይልቅ ማይክሮስኮፑ ላይ የምትደፋበት ጊዜ ይበልጣል እያለ ግን ይነጫነጫል።

ተሳሳሙ። እሳቸው ስለ እናቷ ጠየቁ፤ እሷም ስለ ልጃቸው ስለ ብፅአት ጠየቀች፤ ደህና ናት አሏት። ጉዕሽ ጣቱን ተወግቶ ደሙ መስታወት ላይ ተቀባ፤ ታምሬም መስታወቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ዳሊያ መዝገቡን ገልጣ፣ በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት የወሰደው መድኃኒት ካለ ይነገረኝ አለች።

አያ እንዳለው ይኼን ጥያቄ ሲጠብቁት የቆዩ ይመስል ከደረት ኪሳቸው ሸሪጥ የሚሉትን ግማሹ ያለቀ የክኒን እሽግ አወጡ። «ከዚህ ስምንት ውጧል። እኔው ነኝ የሰጠሁት። ተራ እንዳይመስልሽ፤ ከፖርት ሱዳን የመጣ ነው።»

ዳሊያ ሸሪጡን ገለበጠችው። በጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጽሑፉ አጠገብም አምስት ቅጠል ያላት ትንሽ አበባ አለች።

«አያ፣ ይቺን አበባ የሣልኳት እኔ ነኝ።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ይኼ የብፅአት መድኃኒት ነው። ከአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ተቀብዬ፣ እንዳትረሳው ብዬ በእያንዳንዱ ላይ ጽፌ ሰኔ ላይ ሰጥቻታለሁ። የቀረው የታለ?»

አያ እንዳለው አልደነገጡም፤ የሚያስደነግጥ ነገር አልታያቸውም። በረጋ ድምፅ ያስረዷት ጀመር። አንድ መድኃኒት ሻጭ ይኼ ክኒን የወባ መድኃኒት ዘመድ ነው ብሏቸዋል። ብፅአት ደግሞ ወባ የለባትም። መጋጠሚያዋን የሚቆረጥማት ነገርም ከሰኔ ወዲህ ትቷታል። ታዲያ እርሻው ላይ ሰው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ የወባ መድኃኒት በጤነኛ ሰው ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ እግዜር ምን ይላል? ስለዚህ በነሐሴ ለሁለት አራሚዎች፣ በመስከረም ለአንድ የሎሪ ሹፌር፣ አሁን ደግሞ ለጉዕሽ ሰጥተዋል።

«ልጄም አልከፋትም» ሲሉ ጨረሱ። «ቃል አልወጣትም።»

«ቁርጥማቱ የተዋትኮ ክኒኑን ስትውጥ ነው፣ አያ። ዝናብ ቆመ ተብሎ ጣራ አይነቀልም።»

አያ እንዳለው ይቺ ልጅ ጎረቤት ሳለንም ምላሷ ረጅም ነበር ብለው በሆዳቸው አሰቡ፤ አጥር ዘላ የገባች ዶሮ ስታባርር እንኳ ዶሮዋን በነገር ነበር የምትወጋት። መልስ ሊሰጧት ሲሉ ታምሬ ከውስጥ ወጣ። ወባ ነው፤ ብዙ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ አለ።

«ስምንት ክኒን ውጦ?» አሉ።

ታምሬ ሸሪጡን ተቀብሎ አየና ለዳሊያ መለሰላት፤ ማስረዳቱንም ለእሷ ትቶ ገባ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። ክኒኑ የድሮው የወባ መድኃኒት ወንድም መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ አገር የሚገድለው ወባ ያንን መድኃኒት ከናቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሁን የሚታከመው በሌላ ነው። «ጉዕሽ አራት ቀን ሳይታከም የቆየው በእርስዎ ክኒን ተማምኖ ነው» አለቻቸው።

ጉዕሽ አግዳሚው ላይ እንደተኛ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ አቦይ ለበጎ ብለው ነው አለ። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ጉዕሽ ሐኪም ዘንድ ተወስዶ አልጋ ከያዘ በኋላ አያ እንዳለው ወደ ላብራቶሪው ተመለሱ። ለምን እንደተመለሱ ለራሳቸውም አልገባቸውም ነበር፤ ነገር ተሸንፎ መሄድ ስለማይሆንላቸው ይሆናል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«በጉዕሽ በድያለሁ፤ አልክድም። በብፅአት ግን ምን በደልኩ? ደህና ናት አልኩሽ። ዓርብ ከሎሪው ጋር ወደ ባሱንዳ ትወርዳለች፤ ለአርባ አጫጅ የሚያበስል ጠፍቶ አንድ ወር እዚያ ልትቆይ ነው። ደህና ባትሆን እወስዳት ነበር?» ከዚያም ጨመሩበት። «እርግጥ ከውሃ ባለጋሪው ጀሪካን ተቀብላ ስትገባ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀምራለች። ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል፣ ወደ መንጋጋዬም ይወጣል ትላለች። ብርድ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሰጥቻታለሁ።»

ዳሊያ እጇን ከውሃው አወጣች። «መቼ ጀመራት?»

«ከመስቀል ወዲህ።»

«ክኒኑ የቆመውስ?»

«ከቡሄ ወዲህ።»

ሁለቱን በዓላት እስከዚያች ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም። አያ እንዳለውም ከአፋቸው ሲወጡ ነው የሰሟቸው።

ዳሊያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ዓምና ብፅአት ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣው ዶክተር ሱለይማን ዘንድ ስትሄድ የሐኪሙን ከባድ ዓረብኛ የተረጎመችላት እሷ ናት፤ አያ እንዳለው ያኔ እርሻ ላይ ነበሩ። ዶክተሩ በሽታው ሉፐስ ይባላል ብሏል። ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ የሚወጣው ቅላት፣ የሚያቃጥላት ፀሐይ፣ የመጋጠሚያዋ ቁርጥማት ሁሉ የእሱ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ልቧን ጠብቁ ብሏል።

አያ እንዳለው እዚህ ላይ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ፊቷ ላይ ያለው ምች ነው፤ ይኼን ጎንደር ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመተማ ማዶ ዳማከሴ አስመጥተው እያሹላት ነው። የልብ ነገርማ ጭራሽ አይመስልም። «የልብ በሽታ የወፍራም ነጋዴ ነው፣ ልጄ። ሥጋ ሲበላ ኖሮ፣ ወንበር ላይ ሲውል ኖሮ፣ ስድሳ ሲሞላው ይመጣበታል። ብፅአት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰሊጥ አገዳ ነው የምታህለው። ሲጋራ አታውቅ፣ ቅቤ አታገኝ።»

«እኔም ለዶክተሩ ይኼንኑ ነው ያልኩት» አለች ዳሊያ። «ሉፐስ ያለበት ሰው ላይ የደም ሥር በሽታ ቅቤና ሲጋራ አይጠብቅም፤ ዕድሜም አይጠብቅ አለኝ። ገና በወጣትነታቸው የሚይዛቸው ሴቶች አሉ።»

«ታዲያ ከምን ይመጣል?»

«ከራሷ ወታደር።»

ነገሩን እንዲህ ስትል ፈታችው። በሰው ደም ውስጥ ነጭ ሴሎች የሚባሉ አሉ፤ ተባይና ቁስል ሲመጣ የሚዋጉ፣ ሰውነትን የሚጠብቁ ናቸው። ሉፐስ የያዘው ሰው ላይ ግን ጠላትና ወዳጅ ይምታታባቸዋል። ጤነኛውን ሰውነት ጠላት ነው ብለው ይነሡበታል፤ አንድ ቀን መጋጠሚያ፣ አንድ ቀን ቆዳ፣ አንድ ቀን ኩላሊት ይመታሉ።

አያ እንዳለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቺ ልጅ ከመስታወት ጋር ውላ መስታወት የሚያሳየውን ሁሉ ማመን ጀምራለች አሉ በልባቸው። «የገዛ ወታደሯ የገዛ ሰውነቷን ይመታል? ይኼ የኸዋጃ፣ የፈረንጅ ተረት ነው።»

«አያ» አለች ዳሊያ፤ በአገጯም ወደ በሩ አመለከተች። ከደጅ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ከካርቱም የተሰደዱ ሰዎች ፍራሻቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። «ወታደር የገዛ አገሩን አይመታም የሚሉት እነሱ እየሰሙዎት ነው?»

አያ እንዳለው ሰዎቹን አዩ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት በባዶ ድስት ክዳን ራሷን ታራግባለች። እሳቸውም ራሳቸው ከጎንደር ለምን እንደወጡ ትዝ አላቸው፤ ጉዕሽም በመንደር 8 በኩል ለምን እንደገባ ትዝ አላቸው። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ። «እሱስ ይሆናል። ቀጥይ።»

ዳሊያ ከመቀጠል ይልቅ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደቻቸው። ታምሬ ዓይኑን ቢያጉረጠርጥም አልከለከላቸውም። የጉዕሽ ደም የተቀባበት መስታወት እዚያው ነበር። አያ እንዳለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉና መጀመሪያ የራሳቸውን ሽፋሽፍት አዩ፤ ቀጥሎ ጭጋግ አዩ፤ በመጨረሻ መሐሏ በሐምራዊ ቀለም የጠቆረ፣ ተቆራርሶ የተገጣጠመ ፍሬ የያዘች አንዲት ክብ ነገር አዩ።

«ይቺ ናት ወታደሯ?»

«ይቺ ናት። በእርስዎም ደም ውስጥ አለች።»

«ምንም ጉልበት የላትም» አሉ።

«ብቻዋን የላትም። ስትሞት ነው ጉዷ። ከሆዷ ክር ዘርግፋ መረብ ትጥላለች። ተባይ ካለ መረቡ ይይዘዋል፣ ደግ ነው። ሉፐስ ላይ ግን ተባይ ሳይኖርም ይጥሉታል፤ ያውም በብዛት፤ የሚያነሣውም አይደርስለትም። መረቡ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ይልጠዋል። በተላጠው በኩል ስብ ይገባል። ያንን ስብ እንብላ ብለው ሌሎች ነጭ ሴሎች ይገባሉ፤ ይበሉና ከመጥገብ ብዛት መውጣት ያቅታቸዋል፤ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ያብጣሉ። መንገዱ ይጠባል። ወደ ልብ የሚወስደው የደም ሥር ሲጠብ፣ ጀሪካን ያነሣች ሴት ሁለት ጊዜ ታርፋለች።»

«ይኼን ሁሉ ማን አየው?»

ዳሊያ እዚህ ላይ አልተኩራራችም። ተመራማሪዎች የሉፐስ ታማሚዎችን ደም ወስደው መረቡን አይተውታል፤ ሁሉንም ግን ጨርሰው አላወቁትም፤ የትኛው ሰው ቶሎ እንደሚያዝ ገና እየፈለጉ ነው። ዶክተሩም ይኼን አልደበቃትም። «እኔ ደግሞ ዶክተር አይደለሁም፣ መስታወት አጣቢ ነኝ» አለች። «የብፅአት ደረትም ከልብ ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም። የማውቀው ሐኪም ሳያያት ሎሪ ላይ መውጣት እንደሌለባት ነው። ዶክተሩ ሐሙስ ሐሙስ አለ።»

አያ እንዳለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ዕድሜዬን ሙሉ በምች አምኜ በአንድ ጠዋት በመረብ አልገዛም ሲሉም ነገሯት። ደግሞም አርባ ሰው ያለ ወጥ አይታጨድለትም። ከፈለግሽ ብፅአትን እራስሽ መጥተሽ እያት እንጂ እኔን አትጨቅጭቂኝ አሏት። እሷም ታምሬን አስፈቅዳ፣ እሱ እሺ ከማለቱ በፊት ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ጠርታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ሪክሻው በአቧራው እየተንገጫገጨ ከከተማው ዳር ወዳለው ቤታቸው ሲሄድ አያ እንዳለው አልተናገሩም። ዳሊያም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ጠቀማት፤ ምክንያቱም መረብ የሚለው ቃል በሽማግሌው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ አንድ የቆየ ነገር ያነሣሣ ነበር።

በጎልማሳነታቸው ፋው ላይ ገፊር ነበሩ፤ ተርዓ የሚሉትን ትልቁን የመስኖ ቦይ ይጠብቁ ነበር። አንድ ክረምት ሁለት ዓሣ አጥማጆች መጥተው ከውሃ መክፈቻው በር ዝቅ ብለን መረብ እንጣል ብለው ለመኗቸው። ክልክል ነበር። እምቢ ማለት ግን አልሆነላቸውም። ሰዎቹ መረባቸውን እንደዘረጉ ለቅሶ ተጠርተው ሄዱና ሳይመለሱ ቀሩ። መረቡ ላይ ሣር ተያዘ፤ ሣሩ ላይ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ሌላ ሣር። ውሃው መንገድ ሲያጣ ዳርቻውን እየቦረቦረ አፈሩን እዚያው ይከምረው ጀመር። አያ እንዳለው ግን በየጠዋቱ በራቸው ዘንድ ያለውን ውሃ ያዩታል፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ደህና ነው ብለው ይተኛሉ።

ሪክሻው ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ይኼን ጮክ ብለው አወሩ።

«ከቦዩ መጨረሻ ኦቾሎኒ የዘራች አንዲት መበለት ነበረች። አንድ ቀን እግሯን አቧራ አልብሶት መጣች። አልተቆጣችም። እፍኝ ሙሉ የደረቀ ኦቾሎኒ ከነሥሩ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ሄደች።» ሪክሻው ጉድጓድ ዘለለ። «በእኔ በኩል ሙሉ ነበር፤ ጅራቱ ነው የደረቀው። ጅራቱ ሲደርቅ ነው የሚታወቀው፣ ዳሊያ።»

«አዎ፣ አያ።»

«መረቡን ስናወጣው ሁለት በሬ ፈጅቷል።» «የእሷስ መረብ ይወጣል?»

ዳሊያ ማባበል አልፈለገችም። የተቆለለውን ጭቃ ክኒኑ እንደማያነሣ፣ ነገር ግን ወታደሮቹን እንደሚያረጋጋቸው፣ በየቀኑ ሲዋጥ በሽታው እንዳይነሣ እንደሚረዳና ልብንም ሳይጠብቅ እንደማይቀር ዶክተሩ የነገራትን ነገረቻቸው። ለተቆለለው ደግሞ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱን የሚያዝዘው ግን መርምሮ ያየ ሐኪም ብቻ ነው።

ቤት ሲደርሱ ብፅአት ከበሩ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአባቷን ሸሚዝ ትጠቅማለች፤ ለዓርቡ ጉዞ መሆኑ ነው። የጉንጯ ቅላት ተመልሷል፤ ልክ ወፍ ክንፏን ዘርግታ አፍንጫዋ ላይ ያረፈች ይመስላል። አያ እንዳለው ይኼን ቅላት ስንት ቀን እያዩት እንዳላዩት ያኔ ታወቃቸው። ሰላምታም ሳይሰጡ ጠየቋት።

«ክኒንሽን ስወስድ ለምን ዝም አልሽ?»

ብፅአት መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካችው። አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀዋት ስለማያውቁ መጀመሪያ ዳሊያን አየች፤ ከዚያ መሬቱን አየች።

«ከበራችን ባዶ እጁን የተመለሰ የለም እያልክ ነው ያሳደግኸኝ፣ አባየ። ያንን ስም እኔ ልስበረው?»

አያ እንዳለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ዳሊያ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበራት፤ አብዛኛውን ዋጠችውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«አያ፣ ለዘር ያስቀመጡትን ሰሊጥ ሰው ቢለምንዎት ይሰጣሉ?»

«የዘር እህል እንዴት ይሰጣል?»

«የተራበ ሰው ቢሆንስ?»

«ለተራበ ከሚበላው እሰጠዋለሁ፤ ዘሩን ግን አልነካም። ዘር ከተነካ ከርሞ እሱም እኔም እንራባለን። ይኼ ንፍገት አይደለም። ልጅ እያለሁ አባቴ...»

አልጨረሱትም። የተናገሩት ቃል ራሱ ያዛቸው። ዳሊያ ግማሹን የክኒን ሸሪጥ ከኪሷ አወጣችና አበባዋን ወደ ላይ አድርጋ ጉልበታቸው ላይ አኖረችው። ለጉዕሽ አይረባም፤ ለብፅአት ከርሞዋ ነው አለቻቸው።

አያ እንዳለው ሸሪጡን ለብፅአት መለሱላት። ስልካቸውን አወጡና ለሎሪው ባለቤት ደወሉ። አብሳይዋ አትመጣም አሉት። ሰውየው ታዲያ ማን ሊያበስል ነው ብሎ ሲጮህባቸው፣ ዳሊያም ብፅአትም ድምፁን ከስልኩ ሰምተውታል።

«እኔ» አሉ አያ እንዳለው።

ሐሙስ ዶክተር ሱለይማን ብፅአትን መረመራት። የልቧን ምት በወረቀት አነሣ፣ ግፊቷን ለካ፣ ደሟን አስመረመረ። ወደ ልብ የሚሄደው የደም ሥር ጨርሶ አልተዘጋም፤ የመጥበብ ምልክት ግን አለ፤ ግፊቷም ከልኩ አልፏል። በጊዜ መጥተሻል አላት። በዚህ ሁኔታ አንድ ወር በፀሐይና በእሳት መካከል ብትውል ኖሮ ምን እንደሚከተል ሲጠየቅ ወረቀቱን ብቻ አጣጠፈው። ክኒኑን መልሶ አዘዘላት፣ ዓይኗን በየዓመቱ እንድትታይ ነገራት፣ ለግፊቱና ለስቡ ሌላ መድኃኒት ጨመረላት፣ ጨው እንድትቀንስ፣ ከቀትር ፀሐይ እንድትሸሽ፣ በማለዳው ቀዝቃዛ አየር እንድትራመድ መከራት። ደረቷን ዳግመኛ ከያዛት ነጭ ሽንኩርት ሳትጠብቅ እንድትመጣም አስጠነቀቃት። ይኼን የመጨረሻውን ዳሊያ ስትተረጉም አያ እንዳለውን አየት አደረገቻቸው፤ እሳቸው ግን ጣራውን ያዩ ነበር።

ዓርብ በብፅአት ፈንታ እሳቸው ወረዱ። አርባው አጫጅ አንድ ወር ሙሉ የሳቸውን ወጥ በላ። ጉዕሽ ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ከወባውና ከአቦይ ወጥ የቱ እንደሚከፋ ገና አልወሰንኩም ብሎ ሰው አሳቀ፤ ሰውየው ግን አልከፋቸውም።

ብፅአት በታኅሣሥ ጀሪካኗን ይዛ ሳታርፍ ገባች። ቁርጥማቱ ሳይመለስ ቀረ፣ የፊቷም ቅላት ደበዘዘ፤ በወር ውስጥ የምትሰፋው ልብስ በእጥፍ አደገ። ቀትር ላይ መውጣት ግድ ሲሆንባት አያ እንዳለው ጃንጥላ ይዘውላት ከጎኗ ይሄዳሉ፤ የሰፈሩ ሰው ሙሽራ ልታጅቡ ነው ወይ እያለ ይቀልዳል። እሳቸውም ቆመው ስለ ተርዓው፣ ስለ መረቡና ስለ ነጮቹ ወታደሮች ያስረዳሉ፤ ከማስረዳታቸው ብዛት ነገሩን ራሳቸው ያገኙት እየመሰላቸው መጥቷል። ዳሊያ ሰምታ ዝም ትላለች። ዝምታዋም ከንቱ አልቀረም፤ የሳቸውን ወሬ የሰሙ ሁለት የሰፈር ሴቶች ምች ነው የተባለ ፊታቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። አንዷን ያቃጠላት ፀሐይ ብቻ ሆነ፤ ሁለተኛዋ ሉፐስ ተገኘባትና መጋጠሚያዋ ሳይታሰር፣ ልቧም ሳይነካ መድኃኒቷን ጀመረች። የክኒኑ መቀመጫም ተለወጠ። አሁን ያለው ለዘር የተለየው ሰሊጥ ባለበት፣ ቁልፉ ከአያ እንዳለው አንገት በማይወርደው ሣጥን ውስጥ ነው። በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ ራሳቸው ከፍተው አንድ ፍሬ ለልጃቸው ያቀርባሉ፤ እስክትውጠውም ቆመው ያያሉ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲጠነክር፣ በመስከረም ክኒን የወሰደው የሎሪ ሹፌር ጥርሱ እየተንገጫገጨ መጣ። ያችን የፖርት ሱዳን ክኒን ሁለት ብቻ ይስጡኝ አላቸው። አህያይቱ እንደ ልማዷ ወደ በሩ መጥታ ቆመች። ብፅአት ከመስፊያዋ ላይ ቀና አለች።

አያ እንዳለው ቁልፉን በእጃቸው ያዙት።

«የለም አልልህም፤ አለ» አሉት። «ግን አይሰጥም። የልጄ ነው፤ ላንተም አይረባም። ተነሥ፣ ዳሊያ ዘንድ እንሂድና ደምህ ይታይ።»

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በዚያ በር እምቢ የተባለ የመጀመሪያው ሰው ነውና። ጎርፉ ሪክሻውን ሁሉ ስላስቆመው፣ አያ እንዳለው አህያይቱ ላይ አስቀመጡትና ልጓሟን ይዘው ራሳቸው ወሰዱት።